ያላሰብሽው እርግዝና ሲያሰጋሽ ወይም ሲከሰት፦ ከመጀመሪያው ሰአት ጀምሮ ምን እንደምታደርጊ ዝርዝር መመሪያ

በዚ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ሴቶችን የሚጎዳው ዝም ተብሎ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ኮንዶም ይቀደዳል፣ ፒልስ ይረሳል፣ የመርፌው ቀን ያልፋል፣ ወይ ምንም መከላከያ ሳይኖር ይሆናል፣ ከዛ ሰው ይደነግጣል፣ ያፍራል፣ "እስቲ ፔሬዴን ልጠብቅ" ይላል፣ በዚ መሀል ግን ሊረዱሽ የሚችሉት ነገሮች አንድ በአንድ ሰአታቸው እያለፈ ነው። ለዛ ነው ይሄን መመሪያ በጊዜ ቅደም ተከተል የጻፍኩት። ያለሽበትን አይተሽ ከዛ ጀምሪ፦ ግንኙነቱ ከተፈጸመ 5 ቀን ካልሞላው ከመጀመሪያው፣ ፔሬድሽ ከቀረ ከሁለተኛው፣ ቴስቱ ፖዘቲቭ ካለሽ ከሦስተኛው።

ደሞ ብቻሽን አይደለሽም። የተባበሩት መንግስታት የስነ ህዝብ ፈንድ በፈረንጆቹ 2022 ባወጣው ሪፖርት በአለም ላይ በየአመቱ ከሚከሰተው እርግዝና ግማሽ የሚጠጋው፣ ወደ 121 ሚሊዮን የሚሆነው፣ ያልታሰበ ነው። ያገባችም ያላገባችም፣ የተማረችም ያልተማረችም፣ ልጅ ያላትም የሌላትም እዚ ውስጥ አለች። ስለዚ ራስሽን መውቀሱን ለጊዜው ተይውና ወደ ስራው እንግባ።

1ኛ. ግንኙነቱ ከተፈጸመ 5 ቀን ካልሞላው

መጀመሪያ ሁለት ቀኖችን ስልክሽ ላይ ጻፊ፦ ግንኙነቱ የተፈጸመበትን ቀንና ሰአት፣ እና የመጨረሻው ፔሬድሽ የጀመረበትን ቀን (ያለቀበትን አይደለም፣ የጀመረበትን)። ከዚ በኋላ የምታገኚው ባለሙያ ሁሉ የሚጠይቅሽ እነዚን ነው፣ ጭንቀት ውስጥ ሆነሽ ደሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ በትክክል ላታስታውሻቸው ትችያለሽ።

5 ቀን የሚባለው ለምን መሰለሽ፣ የወንድ ዘር ሴት ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን በህይወት ሊቆይ ይችላል፣ እንቁላል ግን ከወጣ በኋላ የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰአት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ግንኙነቱ ሲፈጸም እንቁላሉ ገና አልወጣም፣ ዘሩ እየጠበቀው ነው። ፖስት ፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው ድንገተኛ መከላከያ) የሚሰራው እዚ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ነው፣ እንቁላሉ የሚወጣበትን ቀን ያዘገየዋል፣ እስከዛ ዘሩ ይሞታል። እንቁላሉ ቀድሞ ከወጣ ግን ፖስት ፒሉ ብዙም የሚያደርገው ነገር የለም፣ ለዛ ነው "ነገ ጠዋት እገዛለሁ" ከማለት ዛሬ ማታ መግዛት የሚሻለው። እና ከዚሁ አሰራሩ እንደምታዪው ፖስት ፒል የተጀመረ እርግዝናን አያስወርድም፣ ሳታውቂ አርግዘሽ ብትወስጂው እንኳን ጽንሱን አይጎዳም። መካን ያደርጋል የሚባለውም ውሸት ነው።

አሁን ምርጫዎቹ። በብዛት ፋርማሲ የሚገኘው ሌቮኖርጀስትሬል የሚባለው ነው፣ ባጠቃላይ 1.5 ሚሊግራም ነው የሚወሰደው። አንዳንዱ እሽግ ባለ አንድ ፍሬ ነው፣ አንዳንዱ ባለ ሁለት ፍሬ 0.75፣ ባለ ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ ትችያለሽ፣ 12 ሰአት መጠበቅ የግድ አይደለም። እስከ 72 ሰአት ባለው ጊዜ ጥሩ ይሰራል፣ እስከ 120 ሰአትም መውሰድ ይቻላል ግን አቅሙ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ዩሊፕሪስታል አሲቴት የሚባለው ባለ 30 ሚሊግራም ነው፣ እሱ እስከ 120 ሰአት ድረስ አቅሙን ይዞ ይቆያል፣ በተለይ 3 ቀን ካለፈሽ እሱን ጠይቂ። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚበልጠው ደሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ የመዳብ ሉፕ፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባው ትንሽ መከላከያ። በ5 ቀን ውስጥ በባለሙያ ከተገባልሽ ከ99 በመቶ በላይ እርግዝናን ይከላከላል፣ ከዛ በኋላ ደሞ ከፈለግሽ እዛው ትተሽው 10 አመት ድረስ መከላከያሽ ሆኖ ይቀጥላል። ይሄን ፋርማሲ ውስጥ ማንም አይነግርሽም፣ ክሊኒክ ሄደሽ አንቺ ነሽ መጠየቅ ያለብሽ።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። ሌቮኖርጀስትሬል በወሰድሽ በ2 ሰአት ውስጥ (ዩሊፕሪስታል ከሆነ በ3 ሰአት ውስጥ) ካስመለሰሽ ድጋሚ መውሰድ አለብሽ። ክብደትሽ ከቁመትሽ ጋር ሲነጻጸር በጣም ከፍ ያለ ከሆነ የሚዋጡት፣ በተለይ ሌቮኖርጀስትሬል፣ አቅማቸው ሊቀንስ ይችላል፣ ያኔ ሉፑን አስቢ። የቲቢ መድሃኒት ሪፋምፒሲን፣ የኤችአይቪ መድሃኒት ኤፋቪሬንዝ፣ የሚጥል በሽታ መድሃኒቶች እንደ ካርባማዜፒን እና ፌኒቶይን የምትወስጂ ከሆነ ደሞ ሳትደብቂ ለፋርማሲስቱ ንገሪ፣ የፖስት ፒልን ጉልበት ይቀንሱታል።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት፣ ፖስት ፒል ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይጠብቅሽም። ዛሬ ወስደሽ ነገ ያለ መከላከያ ግንኙነት ካለ ያ አዲስ ስጋት ነው፣ እንዲያውም እንቁላሉ ስለዘገየ ከወሰድሽ በኋላ ያሉት ቀናት አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ሌቮኖርጀስትሬል ከሆነ የወሰድሽው መደበኛ ፒልስ ወይ መርፌ በዛው ቀን መጀመር ትችያለሽ፣ ዩሊፕሪስታል ከሆነ ግን ሆርሞን ያለበትን ለመጀመር 5 ቀን ቆይተሽ በ6ኛው ቀን ነው፣ እስከዛ ኮንዶም።

ውስጥን መታጠብ፣ መዝለል፣ ወዲያው መሽናት ምናምን የሚባሉት አንዳቸውም እርግዝናን አይከላከሉም። ውስጥን መታጠብ ጭራሽ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

ግንኙነቱ በጉልበት ወይም ያለ ፈቃድሽ የሆነ ከሆነ ይሄን በደንብ አንብቢልኝ፦ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድሃኒት በ72 ሰአት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰአታት፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ፖስት ፒሉም፣ የአባላዘር በሽታ መከላከያውም፣ የቁስል ህክምናውም አብሮ ይሰጣል። ከቻልሽ ሳትታጠቢ የለበስሽውን ልብስ በወረቀት ነገር ይዘሽ ሂጂ፣ ታጥበሽ ከሆነም ሂጂ። ህክምና ለማግኘት መጀመሪያ ክስ መመስረት የለብሽም፣ የመክሰሱን ነገር ሰውነትሽ ከታከመ በኋላ ታስቢበታለሽ።

2ኛ. ፔሬድ ሲቀር

ፖስት ፒል ከወሰድሽ ፔሬድሽ ጥቂት ቀን ሊቀድምም ሊዘገይም ይችላል፣ ከምትጠብቂው ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ ግን ቴስት አርጊ። ካልወሰድሽ ፔሬድሽ በቀረበት ቀን ጀምሮ ቴስት ማድረግ ትችያለሽ፣ ፔሬድሽ የተዛባ ከሆነና ቀኑን ማወቅ ካልቻልሽ ደሞ ከግንኙነቱ 21 ቀን ቆጥረሽ። ከዛ በፊት የሚደረግ ቴስት ኔጌቲቭ ቢልሽም አትመኚው፣ ቴስቱ የሚፈልገው ሆርሞን ጽንሱ ማህፀን ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው መመረት የሚጀምረው፣ ቶሎ ካየሽ ገና አልደረሰም።

የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሻላል ምክንያቱም ያልቀጠነ ነው፣ ማታ ላይ ብዙ ውሃ ጠጥተሽ ከሆነ ሆርሞኑ ይቀጥናል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አክብሪ፣ ሰአታት ቆይተሽ ተመልሰሽ አትዪው። ሁለተኛዋ መስመር በሰአቷ ከመጣች ደብዛዛም ብትሆን ፖዘቲቭ ናት። ኔጌቲቭ ብሎሽ ፔሬድ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው። በቤትሽ ቴስት የሐሰት ፖዘቲቭ ብዙም አያጋጥምም፣ በብዛት የሚያሳስተው ቶሎ ተደርጎ ኔጌቲቭ ሲል ነው።

እና አንድ ነገር፣ በተጠበቀው ሰአት ትንሽ ደም ስላየሽ "መጣልኝ" ብለሽ አትዝጊው። ከተለመደው በጣም ያነሰ፣ አጭር፣ ቀለሙ የተለየ ከሆነ ቴስት አርጊ።

3ኛ. ፖዘቲቭ ከሆነ

መጀመሪያ ቁጭ በይና ሳምንቱን አስይ። የእርግዝና እድሜ የሚቆጠረው ከግንኙነቱ ቀን ሳይሆን ከመጨረሻው ፔሬድ የመጀመሪያ ቀን ነው፣ ስለዚ ፔሬድሽ በቀረበት ቀን ያወቅሽ ከሆነ ባለሙያ "4 ሳምንት ነሽ" ይልሻል። ብዙ ሴት እዚ ላይ ትደናገጣለች፣ "እኔ ግንኙነት ያደረኩት የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው እንዴት 4 ሳምንት" እያለች፣ አንዳንዱ ወንድም ይሄን ሳያውቅ "የኔ አይደለም" ብሎ ጠብ ያነሳል። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፣ አቆጣጠሩ ነው እንደዛ የሆነው። ፔሬድ የማታስታውሽ ከሆነ አልትራሳውንድ ያሳይሻል። ከዚ በኋላ ያለው ውሳኔ ሁሉ በሳምንት ነው የሚለካው።

ሁለተኛ፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና አለመሆኑን አረጋግጪ። አብዛኛውን ጊዜ ጽንሱ የእንቁላል ቱቦ ላይ ሲቀር ነው የሚሆነው፣ ከ100 እርግዝና በ1 ወይ 2 ይከሰታል፣ ቱቦው ከፈነዳ ደሞ ውስጥ ለውስጥ ደም ፈሶ ሰው ይገድላል። ምልክቶቹ፦ በአንድ ጎን የበረታ የሆድ ህመም፣ ደም መፍሰስ፣ ትከሻ ጫፍ ላይ ያለ ምክንያት የሚሰማ ህመም፣ ማዞር ወይ ራስን መሳት። ከነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዛው ሰአት ሆስፒታል ነው። ሉፕ እያለሽ ቴስት ፖዘቲቭ ካለ ወይ ከዚ በፊት ከማህፀን ውጭ አርግዘሽ የምታውቂ ከሆነ ምልክት ባይኖርም በቶሎ ታዪ።

ሦስተኛ፣ ውሳኔ። እዚ ላይ ማንም ሊወስንልሽ አይገባም፣ እኔም ጭምር። የምልሽ እንዴት እንደምታስቢው ነው። መጀመሪያ ለብቻሽ ሆነሽ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ሰው ሁሉ እሺ ቢለኝ ምን እፈልግ ነበር ብለሽ ጻፊው። ከዛ ሁለተኛ ወረቀት ላይ የሚያስፈራሽን ጻፊ። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተቀላቅለው ነው ሰውን የሚያስጨንቁት፣ ሲለያዩ የትኛው ፍላጎትሽ፣ የትኛው ደሞ መፍትሄ ሊገኝለት የሚችል ፍርሃት እንደሆነ ይታይሻል። ከዛ የምታምኚው አንድ ሰው ብቻ ምረጪ፣ የሚሰማሽ እንጂ የሚፈርድብሽ ያልሆነ። ለስድስት ሰው ብትነግሪ ስድስት ምክር ይመጣል፣ የአንቺ ድምጽ ይጠፋል። ለራስሽም ቀን ስጪ፣ ለምሳሌ እስከ መጪው ሳምንት ብለሽ፣ ምክንያቱም አለመወሰንም በተወሰነ ሳምንት ራሱ ውሳኔ ይሆናል።

ለማስቀጠል ከወሰንሽ ዛሬውኑ ፎሊክ አሲድ ጀምሪ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ እስከ 12 ሳምንት፣ የጽንሱን አንጎልና ህብለ ሰረሰር ከተፈጥሮ ጉዳት ይከላከላል። አልኮልና ሲጋራ አቁሚ። የምትወስጂው መድሃኒት ካለ ራስሽ አታቋርጪው፣ ግን በፍጥነት ሀኪም ጠይቂ፣ በተለይ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮት፣ ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን፣ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን እና አንዳንድ የደም ግፊት መድሃኒቶች ጽንስ ይጎዳሉ። የአለም ጤና ድርጅት በእርግዝና ጊዜ ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል ይመክራል፣ የመጀመሪያው ከ12 ሳምንት በፊት። ወልደሽ ራስሽ ማሳደግ የማትችዪ ከመሰለሽ ደሞ በህጋዊ መንገድ ለጉዲፈቻ መስጠት ይቻላል፣ ይሄን የምታስቢ ከሆነ ከመውለድሽ በፊት ህጋዊ ስልጣን ካለው አካል ጋር ተነጋገሪ፣ ማንም በመሀል ገብቶ በገንዘብ ቃል እንዲያሲዝሽ አትፍቀጂ፣ ወልደሽ ካየሽው በኋላም ሀሳብሽን የመቀየር ጊዜ እንዳለሽ ጠይቂ።

ለማቋረጥ ከወሰንሽ፣ ህጉ ከአገር አገር ይለያያል ስለዚ መጀመሪያ የምታጣሪው ህጉ በእርግጥ ምን እንደሚል ነው። በወሬ አይደለም፣ በጤና ተቋም ወይ በህግ ባለሙያ። ጠይቂ፦ እስከ ስንት ሳምንት፣ በምን ምክንያት (ጤና፣ መደፈር፣ ከቅርብ ዘመድ ማርገዝ፣ እድሜ፣ የጽንሱ ሁኔታ)፣ የሌላ ሰው ፈቃድ ይጠየቃል ወይ። ብዙ ሴቶች "አይፈቀድም" ብለው ደምድመው በጓዳ ወደሚሰራው ይሄዳሉ፣ ህጉ ግን ለነሱ ሁኔታ የሚፈቅድበት ጊዜ አለ።

ደህንነቱ የተጠበቀ ውርጃ የሚባለው ሁለት አይነት ነው። አንዱ በመድሃኒት፣ ሚፌፕሪስቶን ከዛ ሚሶፕሮስቶል፣ መጠኑና አወሳሰዱ በሳምንትሽ የሚወሰን። ሌላው በመምጠጫ የሚሰራው፣ አጭር ጊዜ የሚወስድ። በብረት መጥረግ የሚባለው የድሮው አሰራር የአለም ጤና ድርጅት ከእንግዲህ እንዳይሰራበት ነው የሚመክረው፣ ስለዚ እሱን የሚያቀርብልሽ ካለ ሌላውን ጠይቂ። ማህፀን ውስጥ የሚከተት ማንኛውም እቃ፣ ኬሚካል፣ ሆድ ማስመታት፣ ከማይታወቅ ሰው በስልክ የሚገዛ መድሃኒት ሰው ይገድላሉ፣ ያልሞተችውንም ማህፀኗን ያሳጧታል። በአለም ላይ ከሚደረጉት ውርጃዎች ወደ 45 በመቶው ደህንነታቸው ያልተጠበቀ ነው፣ ይሄ ቁጥር ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል፣ ምክንያቱም ከዚ የሚመጣው ሞት በአብዛኛው ሊቀር የሚችል ነው።

ውርጃ ካደረግሽ በኋላ፣ የትም ይሁን በማንም ይሁን፣ እነዚን ካየሽ ወዲያው ህክምና ሂጂ፦ በሰአት ሁለት ትልልቅ ሞዴስ የሚያርስ ደም ለተከታታይ 2 ሰአት፣ ከአንድ ቀን በላይ የቆየ ከ38 በላይ ትኩሳት፣ በማስታገሻ የማይሻል የሆድ ህመም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ራስን መሳት። "ይይዙኛል" ብለሽ ቤት አትቅሪ። ከውርጃ በኋላ የሚሰጥ ህክምና የህግ ሁኔታው ምንም ይሁን ምን መሰጠት ያለበት ድንገተኛ ህክምና ነው፣ የአለም ጤና ድርጅት አቋምም ይሄ ነው። የወሰድሽውን ነገር ለሀኪሙ በእውነት ንገሪው፣ የሚያድንሽ እሱ ነው።

4ኛ. ክሊኒክ ስትገቢ

ብዙ ሴት ከመድሃኒቱ ይልቅ የምትፈራው ወንበሩን ነው፣ ከፊቷ የተቀመጠውን ሰው ፊት። እዚ ላይ መብትሽን ቀድመሽ ካወቅሽ ድምጽሽ አይንቀጠቀጥም። ብቻዬን መነጋገር እፈልጋለሁ ማለት ትችያለሽ፣ አብሮሽ የመጣው ባልሽም እናትሽም ቢሆኑ። የምትናገሪው ሚስጥር ሆኖ መያዝ አለበት፣ "መረጃዬን ማን ነው የሚያየው" ብለሽ ጠይቂ። ምን ሊደረግልሽ እንደሆነ፣ ጥቅሙን፣ ጉዳቱን፣ ሌላ አማራጭ መኖሩን በምትረጂው ቋንቋ ሊነገርሽ ይገባል፣ ካልገባሽ "ድገሙልኝ" በዪ፣ ሳይገባሽ አትፈርሚ። መከላከያ ለመጠቀም የባል ፈቃድ በህክምና በኩል ምንም የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። የሚንቅሽ ወይ በእምነቱ ምክንያት አልሰጥም የሚልሽ ባለሙያ ካጋጠመሽ ወደሚሰጥ ሰው እንዲልክሽ ጠይቂ፣ አንቺም ተነስተሽ ሌላ ቦታ ሂጂ፣ ጊዜሽን እዛ ሰው ላይ አታጥፊ።

ይሄ ሁሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1968 ቴህራን ላይ በተደረገው የሰብአዊ መብት ጉባኤ የልጆችን ቁጥርና በመሀላቸው የሚኖረውን ጊዜ በነጻነት መወሰን መሰረታዊ መብት ነው ተብሏል። በ1979 በሴቶች ላይ የሚደረግ መድልዎን የሚያስወግደው ስምምነት አንቀጽ 16 ላይ ይሄንኑ ለሴቷ ከወንዱ እኩል ሰጠ፣ ለዚ የሚረዳ መረጃና ትምህርት የማግኘት መብት ጭምር። በ1994 ካይሮ ላይ 179 አገሮች የስነ ተዋልዶ ጤናን መብት ብለው ተቀበሉ፣ አፍሪካ ደሞ በ2003 የማፑቶ ፕሮቶኮል በሚባለው የአፍሪካ ሴቶች መብት ስምምነት አንቀጽ 14 ላይ በግልጽ ጻፈችው። ማንም ሲያሳፍርሽ ይሄን አስታውሺ።

5ኛ. መከላከያ መምረጥ

ከወለድሽ በኋላ ካላጠባሽ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ከውርጃ በኋላ ደሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ፔሬድ ሳታዪ ጭምር፣ እንደገና ልታረግዢ ትችያለሽ። ስለዚ መከላከያውን ከክሊኒኩ ሳትወጪ ጀምሪ።

ማጥባት ራሱ የሚከላከለው ሦስቱም ሲሟሉ ብቻ ነው፦ ህጻኑ ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ ቀንም ማታም ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነ፣ ፔሬድሽ ካልመለሰ። አንዱ ከጎደለ አትመኚበት።

መከላከያዎቹን ስታወዳድሪ "ስንት በመቶ ይሰራል" ከማለት ሰው በተጨባጭ ሲጠቀመው ምን ይሆናል ብለሽ ጠይቂ። 100 ሴቶች ለአንድ አመት ቢጠቀሙት፦ በክንድ የሚቀበረው ላይ ከ1 ያነሰች፣ ሉፕ ላይም ከ1 ያነሰች፣ መርፌ ላይ 4፣ ፒልስ ላይ 7፣ የወንድ ኮንዶም ላይ 13፣ ወደ ውጭ ማፍሰስ ላይ 20 ያህል ያረግዛሉ። ምንም ካልተጠቀሙ ወደ 85። ፒልስ በትክክል ቢወሰድ ከ100 አንዷ እንኳን አታረግዝም ነበር፣ ልዩነቱን የሚያመጣው መርሳት ነው። ስለዚ ራስሽን ጠይቂ፣ በየቀኑ አንድ ሰአት ላይ መዋጥ እችላለሁ ወይ፣ ፒልሱን ማስቀመጫ ቦታ አለኝ ወይ፣ ሰው ቢያገኘው ችግር አለው ወይ።

ፒልስ፦ አንድ ቀን ከረሳሽ ባስታወስሽ ሰአት ዋጪ፣ በአንድ ቀን ሁለት ቢሆንም። ሁለትና ከዛ በላይ ተከታታይ ቀን ከረሳሽ አንድ ዋጪ፣ ሌላውን በሰአቱ ቀጥዪ፣ 7 ቀን ኮንዶም ጨምሪ። የረሳሽው በመጨረሻው የሆርሞን ሳምንት ከሆነ ሆርሞን የሌላቸውን 7 ፍሬዎች ዘለሽ አዲስ እሽግ ጀምሪ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሆነና ግንኙነት ከነበረ ፖስት ፒል አስቢ። ከ35 አመት በላይ ሆነሽ የምታጨሺ፣ የደም ግፊት ያለብሽ፣ ደም የመርጋት ችግር የነበረብሽ፣ ከብልጭታ ጋር የሚመጣ ማይግሬን ያለብሽ፣ ወይ ከወለድሽ ገና ሳምንታት የሆነሽ የምታጠቢ እናት ከሆንሽ ሁለት ሆርሞን ያለው የተለመደው ፒልስ ለአንቺ አይሆንም፣ ሌላ አለ።

መርፌ፦ በየ3 ወሩ ነው፣ ማንም ሳያይ መጠቀም የምትፈልግ ሴት ትወደዋለች። ፔሬድ ሊጠፋ ይችላል፣ ደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ አይደለም፣ የማህፀኑ ውስጠኛ ሽፋን ስላልወፈረ የሚፈስ ነገር ስለሌለ ነው። ካቆምሽው በኋላ ግን ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ በአማካይ ወደ 10 ወር ሊወስድ ይችላል፣ በቅርቡ ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ ይሄን አስቢበት። መካን መሆን አይደለም፣ መዘግየት ነው።

በክንድ የሚቀበረው 3 ወይ 5 አመት እንደ አይነቱ ያገለግላል። ትልቁ ቅሬታ ደሙ መዛባቱ ነው፣ ነጠብጣብ፣ ረጅም ቀን፣ ወይ ጭራሽ መጥፋት። ጤናን አይጎዳም ግን ይሰለቻል፣ የሚያስታግስ መድሃኒት ስላለ ሄደሽ ተናገሪ። ቅድም የጠቀስኳቸው የቲቢ፣ የሚጥል በሽታና የኤፋቪሬንዝ መድሃኒቶች የዚንም የፒልስንም ጉልበት ይቀንሳሉ፣ የሦስት ወሩን መርፌና ሉፕን ግን አይነኩም።

የመዳብ ሉፕ ሆርሞን የለውም፣ ፔሬድሽን ሊያበዛውና ቁርጠት ሊጨምር ይችላል በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። ሆርሞን ያለው ሉፕ ደሞ በተቃራኒው ያሳንሰዋል። ልጅ ያልወለደችም መጠቀም ትችላለች፣ ሆድ ውስጥ ሄዶ ልብ ጋ ይደርሳል የሚባለው መንገዱም የለም።

ኮንዶም ከነዚህ ሁሉ ኤችአይቪንና የአባላዘር በሽታን የሚከላከለው እሱ ብቻ ስለሆነ ከሌላው ጋር ደርበሽ መጠቀም ምርጥ ነው። ቀኑን እዪ፣ ጫፉን ይዘሽ አየሩን አስወጪ፣ ዘይትነት ያለው ቅባትና ቫዝሊን ላቴክሱን (ላስቲኩን) ስለሚያሳሳው አትጠቀሚ፣ ሁለት አትደራርቢ። ወንድሜ አንተም ይሄን እያነበብክ ከሆነ ይሄ ያንተም ስራ ነው፣ ኮንዶም ሲቀደድ ቶሎ ንገራት፣ ፖስት ፒሉን አንተ ሮጠህ ግዛ፣ ቀኑን አንተም ያዝ።

"ፔሬድሽ ላይ ካልሆንሽ አንጀምርልሽም" ቢሉሽ፣ እርጉዝ አለመሆንሽ ከተረጋገጠ በየትኛውም ቀን መጀመር ይቻላል። ካልተረጋገጠም ሉፑ ይቆይና ከባለሙያው ጋር ተነጋግራችሁ ፒልስ ወይ መርፌ ጀምረሽ ከ3 ሳምንት በኋላ ቴስት መድገም አለ። ከፔሬድ የመጀመሪያ ቀናት ውጭ የጀመርሽው የሆርሞን መከላከያ ከሆነ 7 ቀን ኮንዶም ጨምሪ፣ የመዳብ ሉፕ ግን ከገባበት ሰአት ጀምሮ ይሰራል።

6ኛ. የሚከለክልሽ ሰው ካለ

ፒልስሽን የሚደብቅ፣ ኮንዶም ሆን ብሎ የሚያወልቅ ወይ የሚቀድ፣ "ከወደድሽኝ ውለጂልኝ" እያለ የሚያስገድድ፣ ወይ በተቃራኒው ሳትፈልጊ አስወርጂ ብሎ የሚጎትት ሰው ጥቃት ነው እየፈጸመ ያለው። ከሱ ጋር ክርክር ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ራስሽን ጠብቂ። መርፌና ሉፕ ቤት ውስጥ የሚገኝ ነገር የላቸውም፣ የሉፑ ክር ሲዳሰስ እንዳይገኝ አጠር አርጎ እንዲቆርጥልሽ ባለሙያውን ጠይቂ። የቀጠሮ ካርድሽን ክሊኒኩ ጋ አስቀምጪ፣ በስልክ እንዳይደውሉልሽ ንገሪ፣ የስልክሽን ፍለጋ ታሪክ አጥፊ። በክንድ የሚቀበረው ቆዳ ላይ ሲዳሰስ ስለሚታወቅ በዚ ሁኔታ ላለች ሴት አይመችም።

ማውጣትንም በተመለከተ፣ ያስገባሽው ሉፕ ወይ ክንድሽ ላይ ያለው የአንቺ ነው። ልጅ ስለፈለግሽ፣ ስላልተስማማሽ፣ ወይ ዝም ብለሽ ስለማትፈልጊው አውጡልኝ ስትዪ "ቢያንስ አመት ቆዪ" ወይ "ጊዜው አልደረሰም" ሊሉሽ አይገባም፣ ምክንያት የመናገር ግዴታም የለብሽም። ከወጣ በኋላ የመውለድ አቅምሽ ወዲያው ይመለሳል፣ ስለዚ ገና ልጅ የማትፈልጊ ከሆነ ሌላውን በዛው ቀን ጀምረሽ ውጪ። ራስሽ ግን በቤትሽ ለማውጣት አትሞክሪ፣ አንዱ ባለሙያ እምቢ ካለሽ ሌላ ጋ ሂጂና "ዛሬ እንዲወጣልኝ ነው የመጣሁት" ብለሽ ጀምሪ።